የደበደበኝ ፖሊስ የእጮኛዬ አጎት ሆኖ ተገኘ

የዛሬው ደብዳቤ ስምንት ገጽ የደብተር ወረቀት ነው። ሁሉንም ላወጣው አልችልም። ቦታም የለኝ፣ ጸሐፊውን የሚያሳብቁ ነገሮችም አሉበት። ስለዚህ አሳጥሬዋለሁ። ነገሩ የደረሰበትን ከተማና የጣቢያውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። የዚህ ገጽ ደንበኞች ልማዳችንን ታውቃላችሁ፤ እዚህ በዳይም ተበዳይም በስሙ አይጠራም። እንግዲህ አንብቡት፦

«ይድረስ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። እኔ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አሊዩ አምባ ነው። አዲስ አበባ ከመጣሁ 7 ዓመቴ ሲሆን መርካቶ ሞባይል እጠግናለሁ። ከ14 ወር በፊት እናቴን ጠይቄ ስመለስ፣ መኪና ልቀይር በወረድኩበት ከተማ መናኸሪያ ውስጥ ሁለት ፖሊሶች ቦርሳዬን ፈተሹ። ደንበኞች እንድሠራላቸው የሰጡኝ 3 ስልኮች ነበሩበት። ‹ሦስት ስልክ ምን ያደርግልሃል? ሌባ!› ብለው ወሰዱኝ። ቀኑ ሐሙስ ማታ ነበር። እስከ ሰኞ ጠዋት አሰሩኝ። ፍርድ ቤት የሚባል አላየሁም። ዓርብ ሌሊት አንደኛው ‹የሰረቅህባቸውን ሰዎች ተናገር› እያለ በጎማ ዱላ ውስጥ እግሬን፣ በጥፊ ፊቴን ደበደበኝ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ግራ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይሰማም። በኋላ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ታምቡሩ ተቀዷል ተባልኩ። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ከአሊዩ አምባ ድረስ መጥታ ነበር፤ ሳህኑን በር ላይ ተቀብለው እሷን መለሷት። ሰኞ ዕለት ‹በስህተት ነው፣ ስልኮችህን ይዘህ ሂድ› ተባልኩ። ሄድኩ።

«ነገሩን ዋጥኩት። ለእጮኛዬም ቢሆን ‹ጆሮዬን አሞኝ ነው› ነው ያልኳት። ከተዋወቅን 3 ዓመት ሆኖናል፣ ከነፍሴ ነው የምወዳት። ቤተሰቦቿ ደብረ ብርሃን ናቸው። ሽማግሌ ልኬ እሺ ተባልኩና ለትውውቅ ምሳ ተጠራሁ። እጄን ታጥቤ ቀና ስል ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ እሱ ነው! ያ ፖሊስ! የእናቷ ታናሽ ወንድም ኖሯል። እሱም አወቀኝ። የጠቀለለው እንጀራ እጁ ላይ ቀረ። ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ጠርቶኝ ‹ያለፈ አለፈ፣ አሁን ዘመድ ልንሆን ነው› አለኝ። እኔ ግን እሱን ካየሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

«ነገሩን ለሽማግሌዎቼ ስናገር ወዲያና ወዲህ ተመላልሰው አንድ ሐሳብ አመጡ። 20,000 ብር ሊሰጠኝ፣ ጉልበቴን ሊስም፣ እኔ ደግሞ ‹ከእንግዲህ በማናቸውም መንገድ አልጠይቅም› ብዬ ልፈርም። ለፊታችን እሑድ ተቀጥሯል። እጮኛዬ ‹ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እሱን ከከሰስክ እኔን እንደከሰስክ ነው› ብላ አለቀሰች። ጓደኛዬ ‹ፖሊስ ከስሶ ያሸነፈ ማን አለ? ብሩን ተቀበልና አግባ› ይለኛል። እናቴ ዱአ ነው የያዘችው። ኒካሁ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከሁሉ በፊት እሑድን እንነጋገርባት፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል። እሑድ ሂድ፣ ቡናውንም ጠጣ፣ ሽማግሌዎቹንም አክብር። ብዕር ግን አትንካ።

ለምን መሰለህ? አንተ ያቺን ወረቀት እንደ እርቅ ማስታወሻ ነው የምታያት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ሁለት ሰዎች ክርክራቸውን ለመጨረስ በጽሑፍ የተስማሙበትን ነገር በመካከላቸው ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል ይሰጠዋል። ቁጥሩን ለሚፈልግ 3312 ነው። «በማናቸውም መንገድ አልጠይቅም» ብለህ ከፈረምክ በኋላ ጆሮህ ጨርሶ ቢደነቁር፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል ብትባል፣ ያቺን ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት የሚቀርበው እሱ ነው። 20,000 ብር! ስለ ጆሮ ቀዶ ሕክምና ዋጋ የጠየቀ ሰው አለ? ሽማግሌዎቹስ ሐኪም አማክረዋል? በደብዳቤህ ላይ አላየሁም።

ሽምግልናን እያጣጣልኩ አይደለም። የኛ ሀገር ሰው ስንቱን ደም ያደረቀው በሽማግሌ ነው። ግን ሽማግሌ ሊጨርሰው የሚችለውና የማይችለው ነገር አለ። ካሳውን ሊጨርስ ይችላል፣ ያ የአንተ ገንዘብ ነው፤ ብትፈልግ ትምረዋለህ። ወንጀሉን ግን ሽማግሌ አይምርም፣ አንተም አትምርም። በያዘው ሰው ላይ ዱላ ያነሳ የመንግሥት ሠራተኛ የሚከሰሰው በግል አቤቱታ ብቻ አይደለም፤ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። ይኼን እሑድ ዕለት በትሕትና ንገራቸው። ምናልባት አጎትዬውም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ይሆናል እንዲህ ለፊርማው የቸኮለው... አልፈርድበትም፣ ግን ልብ በል።

አሁን ወደ ደረሰብህ ነገር እንምጣ። አንተ «በስህተት ነው» ስላሉህ ስህተት አድርገኸው ተቀምጠሃል። ሕጉ ሌላ ስም ነው ያወጣለት። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከሐሙስ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው? ከ80 ያልፋል። «ቅዳሜና እሑድ ፍርድ ቤት ዝግ ነበር» ይሉ ይሆናል። አንቀጹ ውስጥ ቅዳሜ የለም፣ እሑድም የለም። ተረኛ ችሎት የሚባለው ነገር የተፈጠረውም ለዚሁ ነው።

አንቀጹ የሚያስበው አንድ ነገር ቢኖር መንገድ ነው። ሰውዬው ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ከ48ቱ ሰዓት ውጭ ነው። ይሄ ለአንተ አገር ሰው ትርጉም አለው። አሊዩ አምባን ለማታውቁ አንባቢዎቼ፣ ከአንኮበር ገደሉን ቁልቁል ወርዳችሁ ቆላው ሲጀምር የምታገኟት የጥንት የገበያ ከተማ ናት። የታጁራና የሐረር ሲራራ ነጋዴ ጨውና ቡናውን ይዞ ያርፍባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡት የእንግሊዝ ልዑካንም በእሷ በኩል ነው ያለፉት። ታዲያ እዚያ ገበያ ላይ የተያዘን ሰው ሽቅብ አንኮበር እስኪያደርሱት ጥቂት ሰዓት ቢጨመር ማንም አይከፋው። አንተ ግን የተያዝከው መናኸሪያ ውስጥ ነው። በደብዳቤህ እንደጻፍከው ደግሞ የከተማው ፍርድ ቤት ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። አስፋልት ለመሻገር አራት ቀን!

ስለ ዱላውማ ምን ይባላል። አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትን፣ ኢሰብዓዊና ክብር የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል። አንዳንድ ሰው «ጊዜው ክፉ ነበር፣ አስቸኳይ ጊዜ ነበር፣ ያኔ ምን ሕግ አለ» ሲል እሰማለሁ። ተሳስቷል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ለአሥር ወር ያህል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 አዋጁ ሊነካቸው የማይችላቸውን አንቀጾች ዘርዝሯል፤ 18 ከነሱ አንዱ ነው። ማሰሩን አዋጅ ሊያሰፋው ይችላል። ውስጥ እግር መግረፍን ግን ማንም አዋጅ አይፈቅድም።

የወንጀል ሕጉ ደግሞ፣ በ1996 ዓ.ም የወጣው፣ በአንቀጽ 423 ያለ ሕግ ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛን፣ በአንቀጽ 424 ደግሞ ቃል ለማስወጣት ብሎ የመታ ወይም ያሠቃየን መርማሪና ጠባቂ ይቀጣል። ነገሩ ከባድ ከሆነ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት። እንዲመታ ያዘዘ አለቃ ካለ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። ይኼን የምጽፍልህ አጎትዬውን እንድታስፈራራበት አይደለም። እንዲያውም ማስፈራራት የለብህም፤ «20,000 አይበቃኝም፣ 100,000 ካልሰጠኸኝ እከስሃለሁ» ብትል አንተ ራስህ ሌላ ጣጣ ውስጥ ትገባለህ። የደረሰብህን ነገር በስሙ እንድትጠራው ብዬ ነው።

ጓደኛህ «ፖሊስ ከስሶ ያሸነፈ ማን አለ» አለህ አይደል? ጓደኛህን አልቆጣውም፤ ስንቱ ከተማ ውስጥ እንዲህ ነው የሚለው። እኔ ግን ደብዳቤህ ውስጥ የምሳውን ቦታ ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ አንድ የሐበሻ ጉዳይ ነው። ተከሳሹ ፖሊስ አልነበረም፤ የማሰርና የመግረፍ ሥልጣን ግን ነበረው። በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ነበር። በኋላ አሜሪካ ገባና አትላንታ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ሻንጣ ተሸካሚ ሆነ። እዚያው ሆቴል አስተናጋጅ ሆና የምትሠራ ኢትዮጵያዊት አንድ ቀን ቀና ስትል ፊቱን አየች። በእሱ ፊት ታስራ ስትገረፍ የነበረችው ናት! አንተ እንጀራ ላይ፣ እሷ ሥራ ቦታዋ ላይ።

እሷና ሌሎች ሁለት ኢትዮጵያውያት እ.ኤ.አ. በ1990 ከሰሱት። ልብ በል፣ የወንጀል ክስ አይደለም፤ የካሳ ክስ ነው፤ ያውም ሌላ አገር በተፈጸመ በደል። አሜሪካኖቹ ከ1789 ጀምሮ ያላቸው አንድ ሕግ የውጭ አገር ሰው ዓለም አቀፍ ሕግን በጣሰ በደል ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጉዳዩ ሦስት ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1993 ዳኛው ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደ። ሰውዬው ይግባኝ አለ፤ በ1996 ፍርዱ ጸና።

አሁን «ብሩን አገኙት ወይ?» ልትለኝ ነው። የሻንጣ ተሸካሚ ደሞዝ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር እንዴት ይከፍላል? ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ሰውዬው በመሃል የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አጣው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2002 በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ስለነበር በ2006 ወደ አገሩ ተላከ። ሦስት ሴቶች የካሳ ክስ ሲያቀርቡ ነው የዚህ ሰው ስም መጀመሪያ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሰፈረው። ስለዚህ ለጓደኛህ ያሸነፈ አለ በለው። ግን ስንት ዓመት እንደፈጀም ጨምረህ ንገረው፤ እንዳትዋሸው።

ይሄን ካልን ዘንድ ስለ ገንዘብ በግልጽ እናውራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም የወጣ፣ የጃንሆይ ዘመን ሕግ ነው። አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ሌላውን ሰው ከጎዳ ከኪሱ ይክሳል ይላል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተጎጂው መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት ከፍሎ ወደ ሠራተኛው ይመለሳል። የግል ጥፋት ከሆነ ግን መንግሥት የለበትም።

የሥራ ጥፋት ምንድን ነው? የግልስ? ቀጣዩ አንቀጽ ይመልሳል። ሠራተኛው በቅን ልቦና «ሥልጣኔ ነው፣ ለመንግሥት ጥቅም ነው» ብሎ አምኖ ካደረገው የሥራ ጥፋት ነው። ከዚህ ሌላ ከሆነ የግል ነው። አሁን ቆም ብለህ አስብበት። አንተ ዳኛ ፊት ቆመህ «ይህ ሰው ጨካኝ ነው፣ ሆን ብሎ ነው፣ ክፋት ነው» ባልክ ቁጥር ጥፋቱን ወደ ግል እየገፋኸው ነው። ወደ ግል በተገፋ ቁጥር ደግሞ መክፈል የሚችለው፣ ማለትም መንግሥት፣ ከጉዳዩ እየወጣ፣ አንተ ከአንድ ፖሊስ ደሞዝ ጋር ትቀራለህ። ዱላው በከፋ ቁጥር ካሳው ይሳሳል ማለት ነው! እኔ በግሌ ይኼ ሕግ እዚህ ላይ ልክ ነው ብዬ አላምንም። ያንን ሰው ዩኒፎርም ያለበሰው፣ የጣቢያውን ቁልፍ የሰጠው፣ ሌሊት ብቻውን እስረኛ ጋ ያስገባው ማን ሆነና ነው።

ደግነቱ ሕጉ ራሱ አንድ በር ትቷል። ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ሠራተኛው በቅን ልቦና እንደሠራ ይገመታል። ይህ ግምት ፖሊሱን የሚጠቅም ይመስላል፤ ለአንተም ይሠራል። ስለዚህ የሕግ ሰው ስታማክር መጠየቅ ያለብህ ጥያቄ ይኼ ነው፦ «ሰውዬውንና መሥሪያ ቤቱን አንድ ላይ ልክሰስ?» እኔ አዎ ባይ ነኝ። ሁለቱንም በአንድ ክስ ጥራቸው፣ የማን ጥፋት እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ይለይ። አንተ ከሁለት አንዱን መርጠህ ከጀመርክና ምርጫህ ካልያዘ፣ እንደገና እስክትጀምር ጊዜው ያመልጥሃል።

ምን ያህል ልጠይቅ ትል ይሆናል። የሕክምና ወጪህን በደረሰኝ፤ ሥራ የፈታህባቸውን ቀናት፤ ጆሮህ ወደፊት ገቢህን የሚቀንስ ከሆነ እሱንም በሐኪም ማስረጃ። ለሞራል ጉዳት፣ ማለትም ለዚያች ሌሊትና ለእንቅልፍ ማጣትህ፣ ሕጉ ሲወጣ የጻፈው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም ያ ገንዘብ ሀብት ነበር። ዛሬ ጥሩ ጫማ አይገዛም። ስለዚህ ክስህን በሞራል ላይ አትገንባው፤ ደረሰኝ ላይ ገንባው። መቼም ደረሰኝ አልያዝክም አይደል? ወጣቶች ስትባሉ! ክሊኒኩ ካርድህን አላቃጠለውም፤ ሄደህ ጠይቅ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልንገርህ። ክስም ሳይሆን አቤቱታም ሳይሆን መጀመሪያ የምትሄደው ጆሮ ሐኪም ዘንድ ነው። ለፍርድ ቤት የሚሆን ማስረጃ ስትጠይቃቸው «ከፖሊስ ደብዳቤ አምጣ» ሊሉህ ይችላሉ። ፖሊስን ልክሰስ ለሚል ሰው ይሄ ቀልድ ነው፤ ግን አትጨቃጨቅ። እንደማንኛውም በሽተኛ ታከም፣ የካርድ ቁጥርህን ያዝ፣ ማስረጃውን በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ወይም ፍርድ ቤቱ ይጠይቅልሃል። ቀጥሎ ምስክር ነው። እናትህ ሳህኑን በር ላይ ስትሰጥ ልጇ ውስጥ እንደነበረ አይታለች፤ ያውም በየትኛው ቀን እንደሆነ። አብሮህ የታሰረ ሰው አለ? ስልክ ቁጥሩን ፈልግ። የጣቢያው የእስረኛ መዝገብም ምስክር ነው፤ የገባህበትና የወጣህበት ሰዓት እዚያ ላይ መኖር አለበት። ከሌለም አለመኖሩ ይናገራል። የስልኮቹ ባለቤቶችም «ስልኬ በዚያ ሳምንት ዘገየብኝ» ብለው ቢመሰክሩ ቀላል ነገር አይደለም።

አቤቱታውን «የመታኝ ራሱ ፖሊስ ነው፣ ለማን ልንገር» ብለህ አትቀመጥ። የወንጀል አቤቱታ ለዐቃቤ ሕግም በቀጥታ ይቀርባል። በአካባቢው ያለው የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ግባ፣ በጽሑፍ ስጥ፣ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመታ። «አንከስም» ካሉ ያንንም በጽሑፍ ይስጡህ፤ ይዘህ ወደ በላይ አካል ትሄድበታለህ። ለክልሉ ፖሊስ የዲሲፕሊን አቤቱታም ማቅረብ ትችላለህ፤ እሱ ከሥራው ጋር የሚያያዝ ነው፣ ካሳ አያመጣልህም። በ1992 ዓ.ም በአዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አለ፤ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ አያስከፍልም። ፍርድ ቤት ስላልሆነ አይፈርድልህም፣ ይመረምራል፣ ያሳስባል። የካሳው ክስ እነዚህን ሁሉ መጠበቅ የለበትም። ሰውዬው በወንጀሉ ነፃ ቢባል እንኳ የካሳው ዳኛ በዚያ አይታሰርም፤ ሕጉ እንዲህ ይላል።

የካሳውን ክስ የምታቀርበው ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ከመርካቶ ሆኜ እጨርሰዋለሁ ብለህ አታስብ፣ የትራንስፖርቱን አስብበት። የዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ አቅም ከሌለህ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። ጠበቃ ካልቻልክ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡበት አሠራር አላቸው፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን ጠይቅ። ይህን የምታነቡ እህቶች ተመሳሳይ ጣጣ ካላችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያማክራችኋል።

አሁን ወደ ልጅቷ። እውነቱን ልንገርህ፣ በደብዳቤህ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ የሷ ነገር ነው። ሦስት ዓመት አብራህ የኖረች ሴት የጆሮህን ነገር ከማን ሰማች? ከአጎቷ ነው፤ ከምሳው በኋላ። «አንዴ በጥፊ መትቼው ነበር፣ ተሳስቼ» ብሎ ሳይነግራት አልቀረም። አንተ ደግሞ «አሞኝ ነው» ብለሃታል። እሷ ታዲያ በምን ታመዛዝን? በአንድ በኩል ያስተማራት፣ ልብስ የገዛላት አጎት፤ በሌላ በኩል የምትወደው ልጅ፣ በአንድ ጥፊ ቤተሰብ ሊያፈርስ የተነሳ። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር።

ስለዚህ ከእሑድ በፊት፣ ሽማግሌ በሌለበት፣ ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡ። ካፌ አይሆንም፤ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልግ። ከሐሙስ ማታ ጀምረህ እስከ ሰኞ ጠዋት ንገራት። ዱላውን ንገራት፣ የእናትህን ሳህን ንገራት፣ ምሳው ላይ ቀና ስትል ምን እንደተሰማህ ንገራት። «ከአጎትሽና ከእኔ ምረጪ» አትበላት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሴት ልጅ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም፤ መልሱም ቢሆን ዕድሜ ልክ የሚቆረቁር ነው። ዝም ብለህ ንገራትና አድምጣት። እንዴት እንደምታዳምጥህ ደግሞ እይ። ጆሮህን ነክታ «የቱ ጋ ነው?» ካለችህ አንድ ነገር ነው። «ይሁን እሺ፣ ግን ስማችን...» ካለች ሌላ ነገር ነው። ኒካሁ ሁለት ወር አለው፤ ማራዘም ነውር አይደለም። ሰው በለቅሶ ያራዝም የለ?

ለአጎትዬውም አንዲት ቃል አለችኝ፤ ይህን ጋዜጣ ካነበበ። ጉልበት መሳም ትልቅ ነገር ነው፤ አልንቀውም። ግን ይቅርታው ከፊርማ ጋር ከታሰረ ልጁ ይቅርታ ይበለው ግዢ እንዴት ያውቃል? የሕክምናውን ወጪ ያለ ወረቀት፣ ያለ ምስክር ከከፈለ፣ ለእህቱና ለእህቱ ልጅም የሆነውን እንደሆነ በራሱ አንደበት ከነገረ፣ ያኔ ልጁ ስለ ካሳው የሚያስበው ነገር ሊለወጥ ይችላል። ዐቃቤ ሕጉ የሚያስበውን ግን እኔም አልችልበትም።

ወንድሜ፣ እሑድ ሽማግሌዎቹ «ምን ይሻልሃል?» ሲሉህ እንዲህ በላቸው፦ «አባቶቼ፣ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የጆሮዬን ነገር ሳላውቅ የምፈርመው ወረቀት የለም። ሳውቅ እመጣለሁ።» ይህን የሚጠላ ሽማግሌ ካለ ሽማግሌ አይደለም፣ ጠበቃ ነው፤ የማን ጠበቃ እንደሆነ ደግሞ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲያ ግን ቀኑን ቁጠር። የካሳ ክስ ይርጋው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ከሰጠው ያ ይሠራል፤ ሆኖም በዚያ ተማምነህ አትተኛ፤ ተከራካሪህ የመጀመሪያ ቀን የሚያነሳው ነገር ይርጋ ነው። 14 ወር ዋጥ አድርገህ አሳልፈሃል፣ የቀረህ 10 ወር ነው። ከዚያም ላይ ፍርድ ቤቶች በክረምት ለእረፍት ይዘጋሉ። ሐኪሙ ማክሰኞ ጠዋት ይሁን። የካርድ ቁጥሩን ስትቀበል ለእኔም ላክልኝ፤ አላወጣውም፣ እንደሄድክ ለማወቅ ነው።